ሶፍ ዑመር ፊልድ ስትወጡ፦ መዶሻው ይቆይ

የጂኦሎጂ ተማሪ ሆናችሁ ባሌ፣ ሶፍ ዑመር ዋሻ ፊልድ ልትወጡ ነው? መጀመሪያ ወሩን ምረጡ። ወይብ ወንዝ በዋሻው ውስጥ ነው የሚያልፈው። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ደጋው ላይ ዝናብ ከጣለ ውሃው ሳታስቡት ይሞላል። ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ።

ቦርሳችሁ ውስጥ ኮምፓስ፣ መዶሻ፣ ሌንስ፣ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በትንሽ ጠርሙስና እርሳስ ይኑር። እስክሪብቶ ላብ ሲነካው ይጨማለቃል። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪም ያዙ፣ ከሁለት መጠባበቂያ ጋር። የስልክ መብራት እዚያ መብራት አይባልም።

ስትደርሱ ወደ ዋሻው አትሩጡ። ከውጪ ካለው ገደል ራቅ ብላችሁ ቁሙና ንብርብሩንና ስንጥቁን በእርሳስ ሳሉ። እኔ አንደኛ ዓመት ሳለሁ መዶሻ ይዤ ዘልዬ ገባሁ፤ ማታ ቦርሳዬን ስዘረግፍ የትኛው ድንጋይ ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅ፣ ተሸክሜ የመጣሁት ኪሎ ብቻ ነበር። ስለዚህ ናሙና ስታነሱ እዚያው ቁጥር ስጡት፣ እዚያው ጻፉ።

አሁን ቅረቡ። የድንጋዩ ላይኛው ገጽ ያታልላል፤ ትንሽ ሰብራችሁ ትኩሱን ገጽ በሌንስ እዩ፣ ከዚያ አሲድ ጠብ አድርጉ። የኖራ ድንጋይ ከሆነ ወዲያው ይፈላል። ኖራ ድንጋይ የሚመስለው ዶሎማይት ግን ፍቃችሁ ዱቄት ካላደረጋችሁት እምብዛም አይፈላም፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የእዚህ አካባቢ ኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ ዛሬ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ባሕር ውስጥ የተከማቸ ነው።

ቀጥሎ የስንጥቆቹን አቅጣጫ ለኩ፣ ቢያንስ ሃያ። ኮምፓስ ስታነቡ መዶሻውን ራቅ አድርጉት፣ ብረቱ መርፌውን ያዛባዋል። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆንና በእነዚህ ስንጥቆች እየገባ ኖራውን ያሟሟል። ውስጥ ገብታችሁ የመተላለፊያዎቹን አቅጣጫ ለኩና ከውጪው ጋር አስተያዩ። 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ውስብስብ መንገድ ለምን እንደዚያ እንደሚጠማዘዝ ያኔ ይገባችኋል።

ውስጥ መዶሻ አይነሳም፣ ምሰሶም አይፈለጥም። ቦታው በሼክ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራ፣ ሙስሊሞች የሚሳለሙት ቅዱስ ስፍራ ነውና አባቶችን አስፈቅዱ፣ የአካባቢ መሪ ያዙ። ስትገቡና ስትወጡ ተቆጠሩ፣ ማንም ብቻውን አይነጠል። መሪው ወንዙን አይቶ «ዛሬ አይሆንም» ካላችሁ አትከራከሩ፤ የውጪውን ገደል ለክታችሁ ተመለሱ።