የተኳረፉ ሰዎችን በሦስት ሲኒ ቡና ማደማመጥ

በጣና ዳር ባለ ሰፈር ሁለት ቤተሰቦች ለዓመታት በአንድ ገበያ እየተጋፉ፣ በአንድ መንገድ እየተላለፉ ሳይነጋገሩ ሊኖሩ ይችላሉ። ያኳረፋቸው የባሕር ሸሽ መሬት (ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት) ይሆናል፣ ወይም የተቀደደ መረብ፣ ወይም ተፈናቅሎ መጥቶ ቤት በተከራየ ሰው ላይ የተወረወረ ቃል። ከዚህ በታች ያለው እንዲህ ያሉ ሁለት ወገኖችን አንድ ከሰዓት አስቀምጦ የማደማመጥ አካሄድ ነው።

ይህ ሽምግልና አይደለም። ሽማግሌ ግራ ቀኙን ሰምቶ ያጠፋውን ይለያል፣ ካሳ ይቆርጣል፣ ያስታርቃል። እዚህ ማንም አይፈርድም። የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ወገን የተናገረውን ከባላንጣው አፍ መልሶ ሰምቶ «አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው» ማለት። ብዙ ዕርቅ በዓመቱ የሚፈርሰው ይህ ስለሚዘለል ነው። ሳይሰማ ይቅር ያለ ሰው ቂሙን ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል። ጉዳቱ የጤናም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. የማኅበራዊ ትስስር ኮሚሽን ያቋቋመው መገለልና ብቸኝነት ልብንም አእምሮንም እንደሚጎዱ ማስረጃው እየበዛ በመምጣቱ ነው።

ከየወገኑ 3 ሰው፣ አንድ መሪ፣ አንድ ቡና የሚያፈላ፤ በጠቅላላው 8 ይበቃል። ቁጥሩ ሲበዛ ከኋላ ያለው መንሾካሾክ ይጀምራል፣ ተናጋሪውም ለባላንጣው መናገሩን ትቶ ለታዳሚው መናገር ይይዛል። መሪው የማንኛቸውም ዘመድ፣ አበዳሪ ወይም የንስሐ አባት መሆን የለበትም። ሰብሰብ ማለት ጥያቄ በሚያስነሳበት ሰሞን ከየወገኑ 2 ሰው አድርጉት፣ የሰፈሩንም ሽማግሌዎች አስቀድማችሁ አሳውቁ።

ከዕለቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መሪው እያንዳንዱን ሰው ለየብቻው ግማሽ ሰዓት ያነጋግር። ምን እንዲሰማለት ይፈልጋል? የትኛው ቃል ከተነገረ ተነስቶ ይሄዳል? የማይስማማው ነገር አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር ያድናል። በሃይማኖቱ ምክንያት የቡና ላይ ዕጣን የሚከብደው ሰው አለ። ሥጋ ፈጽሞ አይቅረብ፤ የክርስቲያንና የእስላም እርድ እዚያው ሁለት ማዕድ ያደርጋችኋል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ቅቤ የነካው ነገር አይሆንም፣ በረመዳን ደግሞ ቀን ላይ አትጥሩ። ቆሎ፣ ፈንድሻና የጾም ዳቦ ሁሉንም ያስማማል።

ቦታው የአንዱ ወገን ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግቢ፣ የቀበሌ ቢሮም አይሁን። ከሐይቁ ዳር ራቅ ብሎ ጥላ ያለው ዛፍ ሥር ጥሩ ነው፤ ውሃው ጠርዝ ላይ ከሆነ የከሰዓቱ ነፋስ የከሰሉን ፍም ያስቸግራል። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ፤ ሲመሽ ትንኙ ይነሳል፣ ባሕር ዳር ደግሞ የወባ አገር ነው። ክረምቱን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚያቋርጣችሁ ቤት ውስጥ አድርጉት። ቡና የተፈላበት ደጅ ጎረቤት ይጠራልና ለአካባቢው ሰው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ለ8 ሰው ሦስት ዙር 100 ግራም ያህል ጥሬ ቡና ይበቃል፤ የዘጌ ቡና ከተገኘ ሁሉም የሐይቁ ሰው የእኔ ነው የሚለው ነው። ቀጤማ ጎዝጉዙ። መቀመጫው ሁሉ እኩል ከፍታ ይኑረው፤ አንዱን ወንበር ላይ ሌላውን ዱካ ላይ አታስቀምጡ። ፊት ለፊት አታፋጥጧቸው፣ ሁለቱም ወገን ረከቦቱን በጎን እንዲያዩ በግማሽ ክብ አስቀምጡ።

ሲኒዎቹ ከአንድ ዓይነት ይሁኑ፣ አንዱም የተሸረፈ አይሁን። ይህን እንደ ትርፍ ነገር የሚያየው ሰው የአካባቢውን ታሪክ ያስታውስ፤ የደንገል ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት ነገደ ወይጦዎች ለረጅም ዘመን ከጎረቤቶቻቸው ማዕድ ተገልለው ኖረዋል። ዕቃው የተለየበት ሰው ምንም ሳይነገረው ተነግሮታል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እ.ኤ.አ. የተራራቁ ወገኖች መገናኘታቸው ጥላቻን የሚቀንሰው በእኩልነት ሲገናኙ መሆኑን ጽፏል፤ እኩልነቱ እንግዲህ ከሲኒው ይጀምራል።

አጠራሩም እንደዚያው ነው። መሪው አንዱን «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ብሎ ሌላውን «አንተ» ካለ ሚዛኑ ተሰበረ። የዕድሜ ልዩነት ካለ ሁሉንም «እርስዎ» ማለት ነው። ሕዝብ ወይም ቤተሰብ ሲጠራም ባለቤቶቹ ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም ይጠራ።

ቡናው እየታጠበና እየተቆላ ሳለ ስለ ጉዳዩ አይወራም። መሪው ሁሉንም አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ባደጉበት ቦታ ውሃ ከየት ይቀዳ ነበር?» ከሐይቁ የቀዳውም፣ ከምንጭ የተሸከመውም፣ ከሩቅ አገር የመጣውም መልስ አለው። ከዚያ ከየወገኑ አንድ ትልቅ ሰው በየእምነቱ ይመርቅ። የሚጀምረው ወገን በዕጣ ይለይ። በልማድ ዕድሜ ይቀድማል፤ ግን አዛውንቱ ከጀመሩ ወጣቱ በኋላ አይናገርም። ምርቃቱ ክብራቸውን ስለጠበቀ ዕጣው አያስቀይማቸውም።

አቦል ሲቀዳ የመጀመሪያው ወገን አንድ ሰው እስከ 7 ደቂቃ ይናገር። ከሌላው ወገን አንዱ የሰማውን ይድገም። መሪው አስቀድሞ ጮክ ብሎ ይበል፦ «መድገም ማመን አይደለም።» ሰዎች የሚሸሹት የደገሙት ነገር ጥፋት እንደማመን ይቆጠርብናል ብለው ነው።

አስጋሪው እንዲህ አለ እንበል፦ «የጣልኩትን መረብ ከብቶቻችሁ ረግጠው በጣጠሱት። ልናገር ስመጣ ሳቃችሁብኝ።» አርሶ አደሩ «ሣር ላይ የጣልከው አንተ ነህ» ካለ መሪው ያቁመው፤ ይህ መልስ ነው። «መረብህ ተቀደደ» ካለም አልበቃም፤ የአስጋሪው ፊት እንደተቋጠረ ነው፣ ሳቁ ተዘሏልና። «መረብህ ተበጣጠሰ፤ ከዚያ በላይ ግን ስለሳቅንብህ ተዋረድክ። ልክ ነኝ?» ሲለው ትከሻው ወረድ ይላል። እስከ ሦስት ጊዜ መሞከር ይቻላል። ካልሆነ ተናጋሪው ራሱ አሳጥሮ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገረውና ይድገም። ቶና ላይ ተራው ይገለበጣል።

አብዛኛው ነገር የሚበላሸው በክፋት ሳይሆን በደግነት ነው። ሰው ማልቀስ ሲጀምር «አይዞህ፣ ተወው፣ ይለፍ» ማለት ልማዳችን ነው። ቶሎ የመጣ «አይዞህ» ግን አፍ ይዘጋል፤ ተናጋሪው ያሳዘናቸውን ሰዎች ማጽናናት ይጀምራል። ዝም በሉ፣ ሶፍት አቀብሉ፣ የሚያፈላውም ሰው መቅዳቱን ያቆይ። «ሆድ ይፍጀው» ካለ አትጎትቱት። ሌላ ሰው ይናገርና መሪው ኋላ ቀስ ብሎ «ቅድም ያቆዩት ነገር ነበር» ይበል፤ ብዙዎች ያኔ ያወጡታል።

በተረትና በቅኔ የተናገረ ሰው ካለ «ይሄ የሆነው የትኛው ቀን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «እናንተ ሁልጊዜ» ለሚልም ይኸው ጥያቄ ነው። «እናንተ» ጠብ ያነሳል፤ «በዚያ ቀን እኔ» ግን ሊሰማ ይችላል።

አንዱ ተነስቶ ከሄደ መሪው አይከተለው፤ ከራሱ ወገን አንድ ሰው ይሂድ። ሲኒው ከቦታው አይነሳ። ተመልሶ መጥቶ ሲኒው ከተነሳ ከቡናው እንደወጣ ይቆጥረዋል። ስልክ ይጠፋ፣ ማንም ድምፅም ምስልም አይቅዳ።

በረካ ላይ እያንዳንዱ ወገን እስከ መጪው ሳምንት የሚሠራ አንድ ትንሽ ነገር ይጠይቅ፦ ከብቶቹ በጠዋት በየት በኩል ይለፉ፣ መረቡ የተጣለበት በቀይ ጨርቅ ይታወቅ። «ተፋቀሩ» አይጠየቅም፣ ይቅርታም አይገፋም። መሬቱ ወይም ካሳው ወደ ሽማግሌ የሚሄድ ከሆነ ከዚህ በኋላ ይሂድ።

ይህ አካሄድ የማይሠራበት ቦታ አለ። ደም ካለ፣ ዛቻው ገና ካልቆመ፣ ወይም የተደበደበችን፣ የተደፈረችን ሴት ከበዳዩዋ ጋር ለማስቀመጥ ከታሰበ አታድርጉት፤ የሕግና የጥበቃ ጉዳይ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ያየው ነገር ተመልሶ የሚመጣበት ወይም መሞትን የሚያነሳ ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን አብሮት የሚሄድ ሰው ተመድቦ ባሕር ዳር ከተማ ወዳሉት ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይወሰድ።

የሚቀጥለው ቡና ቀን፣ በ15 ቀን ውስጥ፣ ሳይቆረጥ ሰው አይበተን፤ ቡናውን አንዱ ወገን፣ ስኳሩንና ከሰሉን ሌላው ያምጣ። በሦስተኛው ቀን መሪው ለሁሉም ደውሎ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ «መንገድ ላይ ተገናኝታችሁ ነበር?» ሰላም ሳይባባሉ ከተላለፉ አይቆጣ፤ ቀኑን ጽፎ ይያዝና ሁለተኛው ቡና ሲቆላ ከዚያ ይጀምር።