የካምፓስ የግጥም ምሽት እንዴት ይዘጋጃል?

ተማሪ እያለሁ አራት የግጥም ምሽቶች አዘጋጅቻለሁ። የመጀመሪያው አልተሳካም። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፣ ግጥሞቹም ጥሩ ነበሩ። የተበላሸው ንባቡ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ንባብ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

ቀንና አዳራሽ። ከሚድና ከፋይናል ራቁ። መጋቢት 12 አካባቢ ቢሆን ደስ ይላል፤ ዩኔስኮ የዓለም የግጥም ቀን ያደረገው ማርች 21 የሚውለው ያኔ ነው። የፈቃድ ደብዳቤውን ቀደም ብላችሁ አስገቡ። ከእራት በኋላ ጀምሩ፣ የዶርም በር ሳይዘጋ ጨርሱ።

ግጥም መሰብሰብና መምረጥ። ማስታወቂያ ለጥፉ፣ በቴሌግራምም ልቀቁ። መቀበያው ከዝግጅቱ ሁለት ሳምንት በፊት ይዘጋ። በአማርኛ ብቻ አትወሰኑ። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ የሚጽፉ ልጆች ዶርማችሁ ውስጥ አሉ። ገጣሚው ሐሳቡን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገረን፣ ከዚያ በራሱ ቋንቋ ያንብብ። መሃል ላይ እያቋረጡ መተርጎም ዜማውን ይገድለዋል።

ከበድ ያለ ሐሳብ ያለውን ግጥም ፈርታችሁ አትጣሉ። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን መድረክ የድሃውን ኑሮ በግጥም አንስተዋል። መመዘኛችሁ የግጥሙ አቅም ይሁን።

ንባቡ። ችግራችን የሚጀምረው ከፊደሉ ነው። አማርኛ ሲጻፍ ማጥበቅና ማላላት አይታይም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ነው። ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም ብዙ ጊዜ የተንጠለጠለው በእንዲህ ዓይነት ቃል ላይ ነው።

በመጀመሪያው ምሽት የአንዲት ጓደኛችንን ግጥም ድምፁ ለሚያምር ልጅ ሰጠሁት። ወረቀቱን ያገኘው ሊነበብ አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። መጥበቅ ያለበትን ቃል አላልቶ አነበበው፤ ወርቁ እዚያው ጠፋ። ሰው አጨበጨበ፣ ጓደኛችን ግን አንገቷን ደፍታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ግጥም የሚነበበው በገጣሚው ነው። ገጣሚው መድረክ ከፈራ አንባቢው ቢያንስ ሦስት ቀን አብሮት ይለማመድ። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ ያድርግ።

ቀጥሎ ትንፋሽ ነው። ወል ቤት በሚባለው የግጥም ምጣኔ የተጻፈ ስንኝ 6 በ6 ቀለም (በአንድ ምት የሚነገር የቃል ክፍል) ሆኖ መሃሉ ላይ ያርፋል፤ ሰንጎ መገን የሚባለው ምጣኔ ደግሞ 5 በ5 ነው። አንባቢው መጀመሪያ በጣቱ ጠረጴዛ እየመታ ይቁጠር። ዕረፍቱን ሲያገኘው የት እንደሚተነፍስ ያውቃል። እንደ ዜና አንድ ትንፋሽ ላይ የሚያንበለብለው ሰው ቤት መምቻውን፣ ማለትም ስንኞቹ መጨረሻ ላይ የሚገጥሙበትን ድምፅ፣ ያፍነዋል። አንዳንዱ ደግሞ እያንዳንዱን ቤት መምቻ ይጮኽበታል። እሱንም አቁሙት፤ ድምፁ ራሱ ይገጥማል።

ከስልክ ማንበብ አልወድም። ስክሪኑ ይጠፋል፣ መልእክት ይገባል፣ ዓይንም ከታዳሚው ይሸሻል። በወረቀት፣ በትልቅ ፊደል ይታተም።

ሙዚቃ። ክራር ወይም ዋሽንት ይበቃል። እኔ በግጥሞቹ መካከል ቢጫወት እመርጣለሁ። ከንባቡ ጋር ካስኬዳችሁት ግን ተጫዋቹ ግጥሙን አስቀድሞ ያንብበው፣ አብረውም ይለማመዱ። ኪቦርድ በትልቅ ስፒከር ከሆነ ቃሉን ይውጠዋል።

ማይክና ቅደም ተከተል። ማይኩን ታዳሚው ሳይገባ ሞክሩት። ሁለት ረጃጅም ግጥሞችን አታከታትሉ። መጨረሻ ላይ 20 ደቂቃ ክፍት መድረክ ተዉ፤ ስም ሳያስመዘግብ ኪሱ ውስጥ ወረቀት ይዞ የመጣ ልጅ ሁልጊዜ አለ። በሦስተኛው ምሽት አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ኋላ ወንበር ተቀምጦ ቆይቶ መብራት ልናጠፋ ስንል እጁን አወጣ። ያነበባት ስምንት ስንኝ ናት። ስለ እናቱ ነበረች። አዳራሹ ለማጨብጨብ እንኳ ጊዜ ወሰደበት።