ሌሊት ሽንት ቤት የማያስኬዱ መጻሕፍት፦ ስላሸር ልቦለድ እንዴት ይነበባል?

ስላሸር ማለት ጭንብል ያጠለቀ ወይም ማንነቱ ያልታወቀ ገዳይ፣ አንድ ቦታ የተሰባሰቡ ሰዎችን እየለቀመ የሚጨርስበት የሆረር (የአስፈሪ ታሪክ) ዓይነት ነው። "ደም ማንበብ ምን ይጠቅማል?" የሚል አይጠፋም። ደም ለሚፈልግማ ፊልም አለለት። እኛ የምናነበው ለጨዋታው ነው፦ ማን ይተርፋል፣ ገዳዩ ማነው፣ ደራሲው የት ላይ ሸወደን?

ለጀማሪ፣ አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመችው፣ አሥር ሰዎች ደሴት ላይ ተራ በተራ በሚያልቁበት "ኤንድ ዜን ዜር ወር ነን" (And Then There Were None) ጀምሩ። ስላሸር አይባልም፤ አጥንቱ ግን ያው ነው፦ መውጫ የሌለው ቦታ፣ የቆየ በደል፣ በየምዕራፉ የሚቀንስ ሰው። ቀጥላችሁ የሮበርት ብሎክን "ሳይኮ" (1959)። ሂችኮክ በዓመቱ ፊልም ሠርቶበታል፤ ፊልሙን ብታዩትም አንብቡት፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ላይ ያለው የሞቴሉ ባለቤት ኖርማን እንደ ፊልሙ ቀጭን ወጣት ሳይሆን ወፈር ያለ፣ ባለ መነጽር የአርባ ዓመት ሰው ነው፣ ደራሲውም ጭንቅላቱ ውስጥ አስገብቶ ያስቀምጣችኋል። የስቴፈን ግራሃም ጆንስ "ማይ ሃርት ኢዝ ኤ ቼይንሶው" (2021) ጥሩ ነው፣ ግን አትጀምሩበት። ዋናዋ ልጅ የስላሸር ፊልም ሱሰኛ ስለሆነች፣ ቢያንስ የ1978ቱን "ሃሎዊን" ሳታዩ ብዙው ነገር ያመልጣችኋል።

ጊዜው ክረምት ይሁን። ደብረ ማርቆስ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በር ቢንኳኳ እንኳ አይሰማም፣ መብራትም ደስ ሲለው ይጠፋል፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ? ስልካችሁን ቀደም ብላችሁ ቻርጅ አድርጉ፣ ጋቢያችሁን ደርቡ። ሽንት ቤታችሁ ግቢው ጥግ ባሕር ዛፉ ሥር ከሆነ ደግሞ መጽሐፉን ከመክፈታችሁ በፊት ደርሳችሁ ተመለሱ። ምዕራፍ አሥር ላይ ጅብ ሲጮህ ምክሬን ታመሰግናላችሁ።

አሁን ወደ ንባቡ። ወረቀት ያዙና የሰዎቹን ስም ጻፉ፤ ከስሙ ጎን ያ ሰው ምን እንደሚደብቅና ግድያው ሲፈጸም የት ነበርኩ እንዳለ። ሬሳው በዓይን ያልታየን ሰው አትሰርዙ! ገደል ገባ፣ ወንዝ ወሰደው፣ እሳት በላው የተባለ ሁሉ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ገዳዩ ራሱ የሚተርክበት ምዕራፍ ካለ ደግሞ የሚናገረውን ትታችሁ የሚዘለውን ፈልጉ። ስለ ቁመቱ፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ እጁ ምንም ካላለ ሆን ብሎ ነው።

ጸጥ ያሉትን ገጾች አትዝለሉ። ፊልም በድንገተኛ ድምፅ ያስደነግጣል፣ መጽሐፍ ይህን አይችልም፤ የሚችለው ማስጠበቅ ነው። ልጆቹ ሲሳሳቁ፣ ራት ሲበሉ፣ አንዷ ብቻ የጓሮው በር ገርበብ ማለቱን ታያለች። እሷን ምልክት አድርጉባት። ካሮል ክሎቨር የምትባል ምሁር በ1987 "የመጨረሻዋ ልጅ" ብላ የሰየመቻት እንዲህ ዓይነቷን ናት፦ ከሁሉ ቀድማ የምትጠረጥር፣ ከሁሉ ኋላ የምትቀር። የዛሬ ደራሲዎች እኛም ይህን እንደምናውቅ ስለሚያውቁ አንዳንዴ እሷኑ ቀድመው ይገድሏትና ያናድዱናል (እኔ እንዲህ ዓይነቱን እወዳለሁ)።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ቡና ላይ መተረካችሁ አይቀርም፣ እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያጋልጣችኋል። "ገደለ" ካላችሁ ወንድ ነው፣ "ገደለች" ካላችሁ ሴት ናት፣ ጨዋታው አለቀ። መላው ገዳዩን አንቱ ማለት ነው፦ "በመስኮት ገቡ፣ ቢላዋቸውን አወጡ፣ ልጁን ጨረሱት።" እናቶች "ምን ዓይነት የተከበሩ ሰው ናቸው?" ብለው መሳቃቸው አይቀርም፣ እናንተ ግን እስከ መጨረሻው ምዕራፍ አንቱታውን እንዳትለቁ።