ፎያ፦ ከአሜሪካ መንግሥት ቢሮ ሰነድ እንዴት ይጠየቃል?

ዋሽንግተን ውስጥ ፐብሊክ ሲቲዝን የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አለ። የሸማቾች ተሟጋቹ ራልፍ ናደር በ1971 የመሠረተው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሥራው ለሸማቹ ጥብቅና መቆምና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እግር በእግር መከታተል ነው። የመድኃኒት ተቆጣጣሪው በትክክል ተቆጣጥሯል? የመኪና ደህንነት ቢሮው አደጋው ሲደጋገም የት ነበር? ድርጅቱ ከመንግሥትም ከኩባንያም ገንዘብ አይቀበልም። ጠበቆች አሉት፣ ሐኪሞች አሉት። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ገጽ ደብዳቤ ነው። እሷን እርስዎም መጻፍ ይችላሉ።

ሰነድ በደብዳቤ ለመጠየቅ የሚያስችልዎት ሕግ በ1966 የወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግ ነው፤ ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ፎያ ይለዋል። ለመጠየቅ ዜጋ መሆን አያስፈልግም፣ ግሪን ካርድም አይጠየቁም። ለምን ፈለጉት ብሎ የሚያፋጥጥዎትም የለም። ከኢሚግሬሽን ኤ ፋይሉን (እዚያ ያለውን የግል መዝገቡን) ያስወጣ ወዳጅ ካለዎት፣ በዚሁ ሕግ ነው ያስወጣው።

1. መጀመሪያ ሰነዱ ቀድሞ አለመውጣቱን ያረጋግጡ። ለምሳሌ የመኪና ብልሽት አቤቱታዎች በመንገድ ደህንነት ቢሮው ድረ ገጽ ላይ ተዘርዝረዋል። እዚያ ያለውን ለማግኘት ወራት መጠበቅ ልፋት ነው።

2. ትክክለኛውን ቢሮ ይለዩ። ፎያ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ነው የሚመለከተው። የሰፈርዎ ምግብ ቤት ስለተደረገበት ቁጥጥር ከፈለጉ የስቴቱን ሕግ ይጠቀሙ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ የቨርጂኒያ ሕግ ለምሳሌ መብቱን በዋናነት የሚሰጠው ለራሷ ሰዎች ነው፣ ሜሪላንድ የሚኖር ሰው በሩ ሊዘጋበት ይችላል።

3. ጥያቄውን ያጥብቡ። ዋናው ይሄ ነው። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ደብዳቤ «ስለ ጉዳዩ ያላችሁን ሰነድ ሁሉ» የሚል ነበር። የመጣልኝ መልስ «ምን እንደፈለጉ አልገባንም» ሆነ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አልገባኝም ነበር። አሁን ቢሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ከጃንዋሪ 1፣ 2023 እስከ ዲሴምበር 31፣ 2024 ድረስ በዚህ ስምና አድራሻ ባለው የሕፃናት ምግብ ፋብሪካ ላይ ያደረጋችሁትን የፍተሻ ሪፖርትና ቅጽ 483 እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ።»

ቅጽ 483 የኤፍዲኤ (የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት) ተቆጣጣሪዎች ያዩትን ጉድለት ጽፈው ለፋብሪካው የሚሰጡት ወረቀት ነው። ሰነዱን በስሙ ከጠሩት ፈላጊው ሠራተኛ አይደናገርም። ደብዳቤው በእርግጥ በእንግሊዝኛ ነው የሚላከው።

4. ስለ ገንዘብ እዚያው ላይ ይጻፉ። ለተራ ጠያቂ የመጀመሪያው 2 ሰዓት ፍለጋና 100 ገጽ ኮፒ ነፃ ነው። «ከ25 ዶላር በላይ የሚያስከፍል ከሆነ ሳትጀምሩ አሳውቁኝ» የምትል አንዲት መስመር ከድንገተኛ ሂሳብ ታድናለች። መረጃው ለሕዝብ የሚጠቅም ከሆነ ክፍያው እንዲቀርልዎት መጠየቅም ይቻላል፤ ያኔ ግን ለምን እንደሚጠቅም ማስረዳት አለብዎት።

5. መከታተያ ቁጥርዎን ይዘው ይጠብቁ። ሕጉ 20 የሥራ ቀን ይላል። በተግባር ወራት ሊፈጅ ይችላል። በትህትና እየደወሉ መነዝነዝ ነውር የለውም።

6. ቢከለከሉስ? ወይም ግማሹ ገጽ በጥቁር ተሸፍኖ ቢመጣ? ቢሮው ሰነድ መደበቅ የሚችለው ሕጉ በዘረዘራቸው 9 ምክንያቶች ብቻ ነው። የትኛውን እንደተጠቀመ ያዩና ይግባኝ ይጻፉ። ለዚህ ቢያንስ 90 ቀን አለዎት። በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሥር ያለው የመንግሥት መረጃ አገልግሎት ቢሮም በነፃ ያሸማግላል።

ይግባኙም ካልሠራ ፍርድ ቤት አለ። ቮን የተባሉ የሕግ ፕሮፌሰር ሰነድ ተከልክለው ከሰሱና በ1973 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መንግሥት የከለከለውን ሰነድ አንድ በአንድ እንዲዘረዝር፣ ለእያንዳንዱም ምክንያቱን እንዲሰጥ አዘዘ። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ በስማቸው ቮን ኢንዴክስ ይባላል። ነገሩ እዚያ ድረስ ከሄደ ጠበቃዎ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት የላኩትንና የመጣልዎትን ወረቀት ነው፤ አንዱንም አይጣሉ፣ ፖስታውንም ጭምር።