ልጆቻችንን ሂሳብ ስናለማምድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ያለ ልጅ ያላችሁ ይሄ ለእናንተ ነው። አብዛኞቻችን ልጁ እንዲያስብ ሳይሆን ቶሎ መልስ እንዲሰጥ ነው የምንገፋው። የሚከተሉት ስህተቶች በሙሉ ከዚሁ ይመጣሉ።

እስከ መቶ መቁጠርን እንደ ችሎታ ማየት

እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ቁጠር» ይባላል፣ ልጁ እንደ መዝሙር ይወርደዋል፣ ቤቱ ያጨበጭባል። አሁን ሰባት ቆርኪ ደርድሩለትና ይቁጠር። ሰባት ላይ ሲደርስ «ታዲያ ስንት ናቸው?» በሉት። እንደገና ከአንድ ከጀመረ፣ መጨረሻ ላይ የጠራው ቁጥር የሁሉንም ብዛት እንደሚናገር ገና አልገባውም ማለት ነው። አትደንግጡ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ነው። መፍትሔው ግን እስከ ሁለት መቶ ማስጠናት አይደለም። ቡና ሲፈላ «አምስት ሰው ነን፣ ሲኒው ሦስት ነው፣ ስንት ይጎድላል?» ብላችሁ እሱ ያምጣው።

መልሱን መንጠቅ

ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው። ልጅቷ ለአፍታ ዝም ስትል «አራት ነዋ!» እንላለን፣ እሷ ግን እያሰበች ነበር። ታገሱ። ከተቸገረች «ጥያቄው ምን ይላል? በራስሽ አባባል ንገሪኝ»፣ «እስቲ በሥዕል ሳዪው»፣ «በቆርኪ አሳይኝ» በሏት። መልሷ ትክክል ሲሆንም «እንዴት አወቅሽው?» ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ስትሳሳት ብቻ የምንጠይቃት ከሆነ ጥያቄውን በሰማች ቁጥር ተሳሳትኩ ብላ ያገኘችውን ትክክለኛ መልስ ራሱ መቀየር ትጀምራለች። 8 እና 5ን ለመደመር አንዱ ልጅ ከ8 ተነስቶ በጣቱ ይቆጥራል፣ ሌላው ከ5ቱ ላይ 2 ወስዶ 8ቱን 10 ካደረገ በኋላ የቀረውን 3 ይጨምራል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የእናንተን መንገድ ብቻ አትጫኑባቸው።

ደግሞ ጣት መቁጠርን አትከልክሉ። ሲበረታ ራሱ ይተወዋል።

ቃል እያየ እንዲሠራ ማስተማር

«ጠቅላላ ካለ ደምር፣ ቀረ ካለ ቀንስ» የሚለው ምክር ለጊዜው ይሠራል። ከዚያ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል፦ ሄለን 2 ከረሜላ በልታ 3 ቀራት፣ መጀመሪያ ስንት ነበራት? «ቀራት» የሚለውን ያየ ልጅ ቀንሶ 1 ይላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ግሬኖብል ውስጥ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች «መርከብ ላይ 26 በግና 10 ፍየል አለ፣ የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ሰጡ። አብዛኞቹ ቁጥሮቹን ይዘው ዕድሜ አወጡለት! ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም፣ ቁጥር ካዩ የሆነ ነገር መሥራት እንዳለባቸው ስለለመዱ ነው። እናንተም አንዳንዴ መልስ የሌለው ጥያቄ ስጧቸው። «ይሄ እኮ አይታወቅም» ካሉ ገብቷቸዋል።

ልጅ ፊት «እኔም ሂሳብ አይገባኝም ነበር» ማለት

ለማጽናናት ብለን እንላለን፣ ልጁ ግን የቤተሰብ ነገር ነው ብሎ ይቀበለዋል። በፍጹም አትበሉት።

ሂሳብን ደብተር ላይ ብቻ ማስቀረት

ገበጣ አለን እኮ! ከየትኛው ጉድጓድ ብነሳ ይሻለኛል ብሎ ማሰብ ራሱ ሂሳብ ነው። ለትንሽ ልጅ ጉድጓዱንም ጠጠሩንም ቀንሱለት፣ ከማንሳቱ በፊት «የመጨረሻው ጠጠር የት የሚያርፍ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁትና ራሱ ይሞክረው።