ፒክስል ፎንት እንዴት ይሰራል
ፒክስል ፎንት ማለት ፊደሎቹ በትንንሽ ካሬዎች (ፒክስሎች) የተሳሉ ፎንት ነው። መጀመሪያ ግሪዱን፣ ማለትም አንድ ፊደል የሚሳልበትን የካሬዎች ሰንጠረዥ ወስኑ፣ እንደ ኮሞዶር 64 ያሉት የድሮ ኮምፒውተሮች ለአንድ ፊደል 8 በ8 ፒክስል ነበር የሚሰጡት፣ ለላቲን ይበቃል፣ ለኛ ፊደል ግን ከፍታውን 12 አድርጉት ባይ ነኝ። «ጠ»ን እዩ፣ ሶስት እግር በመሃሉ ሁለት ክፍተት፣ ሲያንስ 5 ፒክስል ወርድ ነው፣ «ጡ» ላይ ቅጥያዋ 1 ወይ 2 ትጨምራለች፣ በቀኝ 1 ባዶ ካልተዋችሁ ደግሞ ከሚቀጥለው ፊደል ጋር ይጣበቃል። «ቡ» እና «ቢ»ን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፈትሹ፣ የሚለያቸው የቅጥያዋ ቦታ ብቻ ነው፣ በደንብ አራርቋቸው።

ስትጠቀሙበት የፎንቱ መጠን የግሪዱ ከፍታ ብዜት ይሁን፣ 12፣ 24 ወይ 36፤ 20 ካደረጋችሁት ግን ጠርዙ ይደበዝዛል፣ አንቲ አሊያሲንጉንም (ጠርዝ የሚያለሰልሰውን ሴቲንግ) አጥፉት። ለጌም ሜኑ፣ ለስኮር፣ ለፖስተር ርዕስ በጣም ያምራል፣ ረጅም ጽሁፍ ላይ ግን አይን ያደክማል።