ያገለገለ ሎንግቦርድ ለጀማሪ፦ ከመግዛትዎ በፊት የሚለካ፣ የሚመዘንና የሚዳሰስ

ሰርፊንግ፣ ማለትም በቦርድ ላይ ቆሞ የባሕር ሞገድ መጋለብ፣ ለሚጀምር ሰው ያገለገለ ሎንግቦርድ (ረጅሙ የሰርፊንግ ቦርድ) ከአዲስ ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቦርዱ ከድንጋይ፣ ከመኪና ጣሪያ፣ ከበር ማዕዘን ጋር መጋጨቱ አይቀርም። አዲስ ቦርድ የመጀመሪያው ጭረት ሲያርፍበት ዋጋው ይወድቃል፤ ያገለገለው ግን ይህን ኪሳራ በቀድሞ ባለቤቱ እጅ ጨርሶ ነው የሚመጣው።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ያገለገለ ቦርድ ሁለት ነገር ሊሸሽግ ይችላል፦ ለጀማሪ የማይሆን ቅርፅና ውስጡ የገባ ውሃ። የቀለሙ ማማርም ሆነ የሠሪው ዝና ስለ ሁለቱ ምንም አይነግርዎትም። ስለዚህ ሻጩ ዘንድ ሲሄዱ ሜትር፣ የሰው ሚዛን፣ ዋክስ (እግር እንዳያንሸራትት የቦርዱ ላይ የሚቀባ ሰም) መፋቂያ የሚሆን የፕላስቲክ ካርድ፣ የእጅ ባትሪና ካቻቢቴ ይያዙ። ሻጩ በእነዚህ እንዲፈትሹት ካልፈቀደ ያንን ቦርድ ይተዉት።

መጀመሪያ መጠኑ

ሎንግቦርድ የሚባለው ርዝመቱ 9 ጫማ (274 ሴንቲ ሜትር) ወይም ከዚያ በላይ የሆነና አፍንጫው የከበበ ቦርድ ነው። ልኩ አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው ገጽ ላይ፣ ቦርዱን ከአፍንጫ እስከ ጭራ ለሁለት ከሚከፍለው ቀጭን እንጨት አጠገብ በእርሳስ ተጽፎ ይገኛል። ይህ እንጨት ስትሪንገር ይባላል። መጀመሪያ ርዝመቱ በጫማና በኢንች ይጻፋል፤ ከዚያ ስፋቱና ውፍረቱ በኢንች ይከተላሉ፤ አንዳንዴም መጨረሻ ላይ ይዘቱ በሊትር ይጨመራል።

ቦርዱ ምን ያህል እንደሚሸከም የሚነግርዎት ሊትሩ ነው። ለጀማሪ የሊትሩ ቁጥር ከሰውየው ኪሎ ባያንስ ይመረጣል፦ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 70 ሊትርና ከዚያ በላይ ይፈልግ። ክብደትዎ ከ60 ኪሎ በታች ከሆነ ርዝመቱ 9 ጫማ፣ ስፋቱ 22 ኢንች (56 ሴንቲ ሜትር)፣ ውፍረቱ ከ2¾ ኢንች (7 ሴንቲ ሜትር) ያላነሰ ቦርድ ይበቃዎታል። ከ60 እስከ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ9 ጫማ እስከ 9 ጫማ ከ4 ኢንች፣ ስፋቱ 22½ ኢንች ገደማ፣ ውፍረቱ 3 ኢንች ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከሆኑ 9 ጫማ ከ6 ኢንችና 23 ኢንች ስፋት ያለውን ይፈልጉ። ሊትሩ ካልተጻፈ ስፋትና ውፍረቱን ራስዎ ይለኩ፤ ርዝመቱ ልክ ሆኖ ውፍረቱ 2½ ኢንች ብቻ የሆነ ሎንግቦርድ ለጀማሪ ይሰምጥበታል።

ብዙ ሻጮች «ይህ ትንሽ ያንሳል፣ ግን ቶሎ ትለምደዋለህ» ይላሉ። እዚህ ላይ አይሸነፉ። ያነሰ ቦርድ በእጅ ሲቀዘፍ ፍጥነት አያገኝም፤ ሞገዱ ከሥሩ አልፎት ይሄዳል፤ ጀማሪው ቆሞ መጋለብን መለማመድ የሚገባውን ሰዓት ሞገድ በማሳደድ ይጨርሰዋል። ልምድ የሚመጣው በቆሙበት ብዛት ነው።

የትልቅነት ወሰኑ ደግሞ ክንድዎ ነው። ቦርዱን በብብትዎ ይያዙና ጣቶችዎ የታችኛውን ጠርዝ መጨበጣቸውን ይመልከቱ። ካልደረሱ በራስዎ ላይ ተሸክመው ሃምሳ እርምጃ ይሂዱ። ከመኪና እስከ ውሃው የማያደርሱት ቦርድ ቤት ውስጥ ይቀራል።

ቅርፁ

እዚህ ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ሦስት ነገር ብቻ ይዩ። አፍንጫው ሰፊ ይሁን፤ ከጫፉ 30 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ሲለኩት ከ17 እስከ 18½ ኢንች ቢያገኙ መልካም ነው። ከጎን ሲያዩት መሐሉ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ወደ ላይ በብዛት የታጠፈ ቦርድ ውሃውን እየገፋ ይዘገያል። ጠርዞቹ ወፍራምና ክብ ይሁኑ። አፍንጫው ሾጠጥ ያለ፣ ጠርዙ የሳሳ፣ በጣም ቀላል ሎንግቦርድ ካጋጠመዎት ለውድድር ዓይነት ፈጣን አቅጣጫ መቀያየር የተሠራ ስለሆነ ይለፉት፤ ለሚያውቅበት ሰው ግሩም ነው፣ ለጀማሪ ግን እረፍት የለሽ ነው።

ከምን እንደተሠራ ማወቅ

ጠንካራ ቦርዶች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የፖሊዩሬቴን ፎም በፋይበርግላስና በፖሊስተር ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ) የተሸፈነበት ነው። ሁለተኛው የፖሊስታይሪን ፎም በፋይበርግላስና በኢፖክሲ ሬዚን የተሸፈነበት ነው። አሮጌ ቦርድ ከሆነ የመጀመሪያው ዓይነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ኢፖክሲ በስፋት የገባው በአሜሪካ ትልቁ የፎም አቅራቢ የነበረው ክላርክ ፎም በታኅሣሥ 2005 እ.ኤ.አ. በድንገት ከተዘጋ በኋላ ነውና።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለጥገና ነው። ፖሊስተር ሬዚን የፖሊስታይሪንን ፎም ያቀልጠዋል፤ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ለመድፈን ተብሎ ውስጡ ጡጫ የሚያህል ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ኢፖክሲ ግን በሁለቱም ላይ ይሠራል። ሻጩ የቱ እንደሆነ ካላወቀ ጥገናውን በኢፖክሲ ብቻ ያድርጉ። ሌላው ልዩነት ውሃ ነው፦ ፖሊስታይሪን ከትንንሽ ፍሬዎች የተጣበቀ ስለሆነ ውሃው በፍሬዎቹ መሐል ሩቅ ይሄዳል፣ ለማድረቅም ያስቸግራል። ፖሊዩሬቴንም ውሃ ይጠጣል፣ ነገር ግን በዝግታና በስንጥቁ ዙሪያ ነው።

ላዩ ለስላሳ የሆነው የፎም ቦርድ ሦስተኛ አማራጭ ነው። ሲወድቁ ራስዎንም ሌላውንም ብዙ አይጎዳም፤ ሰው በሚበዛበት ቦታ ለሚማር ሰው ከጠንካራው አስቀድመን የምንመክረው እሱን ነው። ያገለገለ ሲገዙ ጠርዙ ላይ ሽፋኑ መነሳቱን፣ የታችኛው ፕላስቲክ መላቀቁንና ሲያነሡት ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ያህል መክበዱን ያረጋግጡ። ከነዚህ አንዱ ካለ አይግዙት፤ ቢጣበቅም አይበረክትም።

ፍተሻው

ከመሄድዎ በፊት የሁለቱን ገጾች፣ የአፍንጫውን፣ የጭራውን፣ የሁለቱን ጠርዞችና የፊን (ከሥር የሚገባው ክንፍ) ማስገቢያውን ፎቶ ያስልኩ። ዋክሱም ይፋቅ ይበሉ። በወፍራም ዋክስ የተሸፈነ ቦርድ ማለት ግማሹ ያልታየ ቦርድ ነው። ከደረሱ በኋላም ያልተፋቀ ካለ ፀሐይ ላይ ጥቂት ደቂቃ አቆይተው በካርድዎ ይፋቁት።

በመጀመሪያ ይመዝኑት። ራስዎ ሚዛኑ ላይ ይውጡ፣ ከዚያ ቦርዱን ይዘው ይውጡ፤ ልዩነቱ የቦርዱ ክብደት ነው። የ9 ጫማ ፖሊዩሬቴን ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ከ6½ እስከ 8 ኪሎ፣ ኢፖክሲ ከ5½ እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል። ድሮ በወፍራም ፋይበርግላስ የተሠሩ ቦርዶች ከዚህ በላይ መምዘናቸው ጤናማ ነው፤ ቀጭን ቅርፊት (ፎሙን የሚሸፍነው ፋይበርግላስና ሬዚን) ኖሮት ከባድ የሆነ ግን ውሃ ይዟል። ጭራውን ወደ ታች አድርገው ለጥቂት ደቂቃ አቁመው፣ ከስንጥቅ ወይም ከፊኑ ሥር እርጥበት የሚወጣ ከሆነ ይመልከቱ።

ቀጥሎ የላይኛውን ገጽ በአውራ ጣትዎ ከአፍንጫ እስከ ጭራ በየመዳፍ ርቀቱ ይጫኑ። ጠንካራ መሆን አለበት። የሚሰጥም፣ የሚንኮሻኮሽ ወይም ከተጫነ በኋላ የሚነሳ ቦታ ካለ ቅርፊቱ ከፎሙ ተላቋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እግርና ደረት በሚያርፍበት ቦታና በመሐል ላይ ነው። ምክንያቱ ድግግሞሽ ጫና ወይም ሙቀት ነው፦ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተረሳ ቦርድ ውስጡ ያለው አየር ያብጥና ቅርፊቱን ያነሳዋል። የመላቀቁ ስፋት ከመዳፍ ካለፈ ጥገናው ከቦርዱ ዋጋ ጋር ይቀራረባልና ይተዉት። ተረከዝ የፈጠራቸው ጥልቀት የሌላቸው ጎድጓዳ ቦታዎች ግን ከመላቀቅ ጋር አይምታቱብዎ፤ ቅርፊቱ እስካልተሰነጠቀ ድረስ አንዳች ጉዳት የላቸውም።

ከዚያ መሰበሩን ይፈትሹ። የእጅ ባትሪውን ከገጹ ጋር አጋድመው ያብሩትና ከጠርዝ ወደ ጠርዝ የሚያቋርጥ መስመር ይፈልጉ። በሁለቱም ገጽ አንድ ቦታ ላይ የተጋጠመ ጭረት ካለ ቦርዱ ታጥፎ ነበር ማለት ነው፤ ስትሪንገሩም እዚያው ላይ ተሰብሮ ሊገኝ ይችላል። በመሐል ላይ በድንገት የሚጀምር ሰፊ የቀለም ቀበቶም ያጠራጥር፤ ለሁለት ተሰብሮ የተገጠመ ቦርድ ስፌቱን ለመሸፈን ብዙ ጊዜ እንዲህ ይቀባል። የተገጠመ ቦርድ ውሃ ላይ ሊሠራ ይችላል፣ ነገር ግን ይከብዳል፣ ከስፌቱ አጠገብም ደግሞ ይሰበራል። ለጀማሪ አይመከርም። በመጨረሻም ጭራው በኩል ቆመው ስትሪንገሩን በአንድ ዓይን ይመልከቱት፤ ቀጥ ያለ መስመር ካልሆነና ሁለቱ ጠርዞች ከፍታቸው ከተለያየ ቦርዱ ጠሟል፤ ይህ አይቃናም።

ቀለሙን በተመለከተ፦ በሁሉም ቦታ እኩል የሆነ ፈዛዛ ቢጫ የፀሐይ ሥራ ነው፣ ዕድሜን እንጂ ሕመምን አያሳይም። በስንጥቅ ዙሪያ የተሰበሰበ ቡናማ እድፍ ግን ውሃ ገብቶ የቆየበት ነው። ስንጥቁ ክፍት መሆኑን ካልለዩት ቦታውን አጽድተው አፍዎን ገጥመው ይምጠጡ፤ አየር ወይም ጨዋማ እርጥበት ወደ አፍዎ ከመጣ ክፍት ነው። ጠርዞቹን በጣት ጫፍ መዳሰስም አይርሱ፤ ዓይን የሚያልፈውን የፀጉር መስመር ጣት ያገኘዋል።

ፊን፣ ማስገቢያውና የእግር ገመዱ

ከሥር የሚገባውን ክንፍ፣ ማለትም ፊኑን፣ ይያዙና ወደ ግራና ቀኝ ይግፉት። ፊኑ ማስገቢያው ውስጥ ትንሽ ቢወዛወዝ ችግር የለም። ማስገቢያው ራሱ ከቦርዱ ጋር ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ዙሪያው በቀጭን ስንጥቅ ከተከበበ፣ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው፤ ማስገቢያ መቀየር ደግሞ ውድ ጥገና ነው። ብሎኑን በካቻቢቴ ይፍቱት። ዝጎ አልፈታ ካለ ወይም ከሥሩ የሚያርፈው ትንሽዬ ብረት ከጠፋ ዋጋ ላይ ይነሳ።

ለመጀመሪያ ቦርድ በመሐል አንድ ትልቅ ፊን፣ በጎንና በጎን ሁለት ትንንሽ ያለው አሠራር ይመቻል፤ ትንንሾቹ ቢወጡም በአንዱ ብቻ ይሠራል። ለ9 ጫማ ቦርድ ብቻውን የሚቆም ፊን ቁመቱ 9 ኢንች ገደማ ቢሆን፣ ከጎን ፊኖች ጋር ከሆነ ደግሞ ከ7 እስከ 8 ኢንች ቢሆን ይበቃል። የጎን ፊኖቹ ከሌሉ ማስገቢያቸው የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ፦ ኤፍሲኤስ ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች አሉት፣ ፊውቸርስ ግን አንድ ረጅም ቦይ ነው። የአንዱ ለሌላው አይገባም።

ሻጩ የእግር ገመዱን፣ ሊሹን፣ በነጻ ቢጨምርልዎ አመስግነው ይቀበሉ፣ ውሃ ላይ ግን አይጠቀሙበት። ፕላስቲኩ ከውጭ ሳይታይ ያረጃል፤ ሲበጠስ 7 ኪሎ የሚመዝን ቦርድ ከኋላ ያሉትን ሰዎች ይመታል። አዲስ ይግዙ፦ ርዝመቱ ከቦርዱ ያላነሰ፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ። የሚታሰርበትን ጉድጓድና ከጀርባው ያለውን የጭራ ጠርዝም ይዩ፤ ማሰሪያው ክር ረዝሞ ጠርዙን አልፎ ከሆነ ገመዱ ሲወጠር ቅርፊቱን እንደ መጋዝ ቆርጦት ይሆናል።

ዋጋና ጥገና

ከመደራደርዎ በፊት የተመሳሳዩን አዲስ ቦርድ ዋጋ ይወቁ። በሚጠየቀው ዋጋ ላይ የአዲስ ሊሽ፣ የጎደሉ ፊኖችና የጥገና ወጪ ይደምሩ፤ ድምሩ ከአዲሱ ዋጋ ሁለት ሦስተኛ ካለፈ ግዢው አያዋጣም። «ታጥፎ ወይም ተሰብሮ ያውቃል?»፣ «የት ይቀመጥ ነበር?»፣ «የተጠገነው በምን ሬዚን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከሚያዩት ጋር ካልተገናኘ ይጠንቀቁ።

ከጥፍር የማይበልጥ ስንጥቅ ራስዎ መድፈን ይችላሉ። መጀመሪያ ይድረቅ፦ ስንጥቁን ወደ ታች አድርገው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት፣ ብዙ ውሃ ከገባው ለሳምንታት። እርጥብ ላይ የተደፈነ ሬዚን አይይዝም፣ ውሃውንም ውስጡ ያሽገዋል። ሲደርቅ ዙሪያውን በ60 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩ፣ አቧራውን ይጥረጉ፣ በፀሐይ የሚደርቀውንና ለቦርዱ ዓይነት የሚሆነውን ሬዚን ጥላ ውስጥ ይቀቡ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያውጡት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። በ120፣ ቀጥሎም በ220 ወረቀት ያለስልሱት። ቅርፊቱ የጎደለበት ሰፋ ያለ ቦታ የፋይበርግላስ ጨርቅ ስለሚፈልግ ለባለሙያ ይስጡት። ቴፕ ለጥፎ ውሃ መግባት የዛሬን ብቻ ያሳልፋል።

ቤት ሲያስገቡት ክብደቱን ጠርዙ ላይ በእርሳስ ይጻፉ፣ ቦርዱንም ከፀሐይና ከተዘጋ መኪና ያርቁ። ለሚገቡበት ውሃ ሙቀት የሚስማማ አዲስ ዋክስ ይቀቡት። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት በኋላ በንጹህ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው መልሰው ይመዝኑት። ከጻፉት ቁጥር ከሩብ ኪሎ በላይ ከጨመረ ያላዩት ቀዳዳ አለ፤ ከፊን ማስገቢያውና ከሊሹ ጉድጓድ ይጀምሩ።